የድሃ ድመት ሐኪም፣ የጀግና ርግብ ሸላሚ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1917፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ ወይዘሮ ማሪያ ዲኪን ኋይትቻፕል በሚባለው የምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር፣ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ክሊኒክ ከፈቱ። የታመመ እንስሳ ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ፣ ሕክምናው በነጻ ነው የሚል ማስታወቂያም ለጠፉ። ሰፈሩን ችግረኞችን ለመርዳት ሲመላለሱበት ያውቁታል። ቆዳው የተላላጠ ውሻና እያነከሰ ጋሪ የሚጎትት አህያ በየመንገዱ ነበር። ባለቤቶቹ ጨክነው ሳይሆን ለሐኪም የሚከፍሉት አጥተው እንደሆነ ወይዘሮዋ ገብቷቸዋል። ሥራው ሁሉ የቆመው በዚህ ማስተዋል ላይ ይመስለኛል።

ከዚህ ክሊኒክ የተነሣውና ፒዲኤስኤ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው በጎ አድራጎት ድርጅት ዛሬም በመላ ብሪታኒያ ሆስፒታሎች አሉት። ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ሰዎችን ውሾችና ድመቶች በነጻ ወይም በቅናሽ ያክማል፤ ስለ ክትባት፣ ስለ አመጋገብና ስለ አያያዝም ይመክራል።

ምክሩ ሕይወት ያድናል። ፓራሲታሞል ለሰው ቀላል ማስታገሻ ነው፤ የድመት ጉበት ግን ሊያስወግደው ስለማይችል አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ወይንና ዘቢብ ውሻን ይመርዛሉ፤ ቸኮሌቱ በጠቆረ መጠን አደጋው ይብሳል። እንስሳው እንዲህ ያለ ነገር ከበላ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አይገባም፤ የበላውን ነገር መጠቅለያ ይዞ ወዲያው ለሐኪም መደወል ነው። ጨው በውሃ በጥብጦ አጠጥቶ ማስመለስ ራሱ ሊገድል ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር።

ወይዘሮ ዲኪን በ1943 በጦርነት ጀግንነት ለሚያሳዩ እንስሳት የሚሰጥ፣ በስማቸው የሚጠራ ሜዳሊያ አቋቋሙ። ከነሐስ የተሠራ ሲሆን «ለጀግንነት» እና «እኛም እናገለግላለን» የሚሉ ጽሑፎች ተቀርጸውበታል። ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዷ ዊንኪ የተባለች ርግብ ናት። በየካቲት 1942 አንድ የብሪታኒያ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከኖርዌይ ሲመለስ ሰሜን ባሕር ላይ ወደቀ። አራቱ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ ማሳወቅ ስላልቻሉ የያዟትን ርግብ ለቀቋት። ዊንኪ 190 ኪሎ ሜትር ያህል በርራ፣ ላባዋ በዘይት ተለውሶ፣ ዝላ ስኮትላንድ ውስጥ ደንዲ አጠገብ ካለው ቤቷ ደረሰች። መልእክት አልያዘችም። ባለቤቷ ግን ለአየር ኃይሉ አስታወቀ፤ እዚያም አውሮፕላኑ የጠፋበትንና ርግቧ የደረሰችበትን ሰዓት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ዘይቱ በረራዋን ምን ያህል እንዳዘገየው ሳይቀር አስልተው ቦታውን ገመቱ። ፍለጋው በተጀመረ በ15 ደቂቃ ሰዎቹ ተገኙ።

እስከ 1949 ከተሰጡት 54 ሜዳሊያዎች 32ቱን የወሰዱት ርግቦች ናቸው። ድመት አንድ ብቻ ነው፤ ያንግትዜ ወንዝ ላይ በመድፍ ቆስሎ የሚኖርባትን መርከብ ስንቅ ከአይጥ መጠበቁን ያላቋረጠው ሳይመን። ርግብ ሜዳሊያን ምን ታውቃለች የሚሉ አሉ። አታውቅም፤ ሽልማቱ የሚያስፈልገው ውለታው እንዳይረሳን ለእኛ ለሰዎች ነው።

ድርጅቱ ከጦር ሜዳ ውጭ ለሚፈጸም ጀግንነት የወርቅ ሜዳሊያም አለው። በ2020 ይህን ሜዳሊያ ያገኘው ማጋዋ የተባለ ትልቅ የአፍሪካ አይጥ ነው። አፖፖ የተባለው ድርጅት ታንዛኒያ ውስጥ አሠልጥኖት ካምቦዲያ የተቀበረ ፈንጂ ሲፈልግ ነበር። ክብደቱ 1.2 ኪሎ ብቻ ስለነበረ ፈንጂውን ቢረግጠውም አይፈነዳም፤ የቲኤንቲን ሽታ ሲያገኝ አፈሩን በእግሩ ይቧጥጣል። ሰው በብረት መመርመሪያ አራት ቀን የሚፈጅበትን የቴኒስ ሜዳ የሚያህል ቦታ በግማሽ ሰዓት ይጨርስ ነበር። በ2021 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ባገለገለባቸው ዓመታት ከ100 በላይ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች አግኝቷል።

አፖፖ ያሠለጠናቸው የማጋዋ ዘመዶች አዲስ አበባም አሉ። ሥራቸው ከጤና ጣቢያዎች የሚመጣ አክታ አሽትቶ በማይክሮስኮፕ ያልታየ የሳንባ ነቀርሳ መለየት ነው። እነሱ የጠረጠሩት ናሙና በላቦራቶሪ እንደገና ይመረመራል፤ በሽታው ከተረጋገጠም ነጻ ነህ ተብሎ ወደ ቤቱ የሄደው ሰው ተፈልጎ ሕክምና ይጀምራል።