«እማዬ፣ አንቺ አትነሺ»

ዲንሾ ላይ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ከየቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። እሳቱን የምታነደው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። በእንጨትና በኩበት ጭስ ዕድሜዋን የገፋች ሴት ሲጋራ በአፏ ሳይዞር አጫሽን የሚይዘው ዓይነት የሳንባ ሕመም ሊይዛት ይችላል። መጀመሪያ ሳል ይመጣል። ቀጥሎ ዳገት ላይ ቆም ማለት ይጀመራል። ውሎ አድሮ ከምድጃው እስከ በሩ ያለው መንገድም ይረዝማል። ልጆች ይህን ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም። ውኃውን ይቀዳሉ፣ ከብቱን ያሰማራሉ፣ «እማዬ፣ አንቺ አትነሺ» ይላሉ።

ፍቅር ነው። ነገር ግን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ይበልጥ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ይኸው መቀመጥ ነው። ያልሠራ የእግር ጡንቻ ይከሳል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ለትንሽ ሥራ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ትንፋሿ ከዛሬው ቀድሞ ያጥራል። ያጠረው ትንፋሽ ያስፈራል፤ ፍርሃቱም መልሶ ያስቀምጣታል። ሐኪሞች ይህን አዙሪት ለመስበር ከመድኃኒቱ ጋር እንቅስቃሴም ያዛሉ።

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው እንዴት ይንቀሳቀስ? ዲንሾ ላይ ጥያቄው ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያለፈች ናት። እዚያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሲሶ ገደማ ያንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ እንኳ በሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሰው ይለምደዋል። በዚያው በባሌ ተራሮች፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የፊንጫ ሐበራ ዋሻ፣ የሰው ልጅ ከ31,000 ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ይኖር እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አስታውቀዋል። የታመመ ሳንባ ግን ለዚህ የሚሆን ትርፍ አቅም የለውም።

የቀጥቃጭ ወናፍ አይተው ያውቃሉ? በደንብ ካልተጨመቀ አዲስ አየር አይስብም። ሐኪሞች «ሲኦፒዲ» የሚሉት የሳንባ ሕመም እንደዚያ ነው። ዋናው ችግር አየር ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው። ቧንቧዎቹ ስለጠበቡ አየሩ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ሰውየው እርምጃውንና ትንፋሹን ሲያፈጥን አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበታል። «አየር አጣሁ» ይላል፤ ደረቱ ግን በአየር ታጭቋል።

በአንዳንድ አገሮች ለዚህ ማሽን ይጠቀማሉ። ታማሚው ጭንብል አድርጎ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይነዳል፤ አየር ሲስብ ማሽኑ ይገፋለታል። የደረት ጡንቻ ሥራ ሲቀልለት እግርም ድርሻውን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነ አንድ ግምገማ ግን ቁጥብ ነው። ማሽኑ ጠንከር ያለ ልምምድ ለመሥራት ሊረዳ ይችላል፤ የዕለት ኑሮን ይለውጣል ለማለት ግን ማስረጃው አልበቃም። ይህን ያነሳሁት ማሽኑን ለማጣጣል ሳይሆን «ማሽን ከሌለን ምን እናድርግ» ብለው ለሚቀመጡ ነው።

ቤት ያለው እርዳታ ቀላል ነው። ትኩስ ቡና እፍ ሲሉ ከንፈርዎ እንዴት እንደሚሆን ልብ ይበሉ። በአፍንጫ አየር እየሳቡ ሁለት እርምጃ፣ በዚያ ከንፈር ቀስ ብለው እያወጡ አራት እርምጃ ይሂዱ። ሳያስገድዱ ረዘም ብሎ የሚወጣው ትንፋሽ ቧንቧዎቹን ከፍቶ ያቆያል፤ ወናፉም ይራገፋል። ዕቃ ሲያነሱ ወይም ደረጃ ሲወጡ፣ ኃይል በሚጠይቀው ቅጽበት ትንፋሽ ይውጣ።

ዱላም መሣሪያ ነው። እረኛ በሁለት እጁ ዱላውን ተደግፎ ወደፊት ዘንበል ብሎ ሲቆም አይተዋል። እጆቹ ሲደገፉ የትከሻና የደረት ጡንቻዎች ለመተንፈስ ነፃ ይሆናሉ። ትንፋሽ ሲያጥር እንዲህ መቆም ከመሬት ከመቀመጥ ይሻላል። ለብርዱ አፍንጫና አፍን በሻርፕ መሸፈን ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ቧንቧን ያጠብባልና።

ቦታው ሜዳ ይሁን። ከፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ ያለው ኮረብታ፣ የደጋ አጋዘኖቹ በቅርብ የሚታዩበት፣ ያምራል፤ ለመጀመሪያው ወር ግን አይሆንም። አገሩ የፈረስ አገር ነው፤ ዳገቱን በፈረስ፣ ሜዳውን በእግር ማለት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ ተራምዶ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም። ትንፋሹ መብዛቱ አይጠላም፤ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ግን ፍጥነቱ ይቀነስ። ሐኪም ከእንቅስቃሴ በፊት ፓፍ ካዘዘ፣ ከቤት ሳይወጡ ይወሰድ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ምርመራ ይቀድማል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለቲቢ መመርመር አለበት። የደረት ሕመም፣ የእግር እብጠት ወይም ራስን መሳት ካለ፣ ሮቤ ወይም ጎባ ሆስፒታል ሳይሄዱ ልምምድ አይጀመርም። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። በልምምድ ጊዜ ብዙዎች ከ88 በታች ሲወርድ ያቆማሉ፤ በደጋ ግን ጤነኛውም ከቆላው ሰው ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ለእናትዎ የሚሆነውን ቁጥር ሐኪሟ ይንገርዎ።

ኦክስጅን እንደ ውኃ በፈለጉት መጠን የሚሰጥ አይደለም። ለአንዳንድ የሳንባ ታማሚ ሲበዛ ሰውነቱ ማስወጣት ያለበትን የተቃጠለ አየር ያከማችበታል፤ መጠኑን ሐኪም ይወስናል። ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራውን ማሽን ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብም እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ መጀመሪያ ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ለዲንሾ ከፍታ አልተሠሩም። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አይገባም፤ ሲጋራ፣ ሻማ፣ የቡናው ከሰልና ዕጣኑ ሁሉ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ቡናውን ግን እናት ራሷ ብትወቅጠው ክልክል አይደለም፤ ዘነዘናው ሲወርድ ትንፋሿን እያወጣች።