ሌባው ይዞት የሚሄደው ምስክር

ስለ ደህንነት ካሜራ ሲወራ ሁሉም የሚያየው ዓይኑን ነው፤ በረንዳው ጥግ ላይ የተደፋ ስኒ መስሎ የተሰቀለውን። እሱ ግን ያያል እንጂ አያስታውስም። ያየው ነገር በገመድ ሄዶ የሚከማቸው አንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ቴክኒሽያኖች ዲቪአር ይሉታል፤ በኔትወርክ ገመድ ለሚሠሩ ካሜራዎች የሚሆነውን ወንድሙን ደግሞ ኤንቪአር። ካሜራ የሚገዛ ሰው ስለ ምስሉ ጥራት ግማሽ ቀን ሲከራከር ይውልና ሳጥኑ የት ይቀመጥ ሲባል «እዚያው ቲቪው ሥር» ብሎ ይገላገላል።

መቲን እንውሰድ። የጎደሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን መቀመጫም። በዙሪያዋ ያለው ደን ከ200 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ቡናውም ማሩም ከዚያው ይወጣል። እዚህ ቤትና መጋዘን ያለው፣ ቤተሰቡ ግን አዲስ አበባ የሆነ የቡና ነጋዴ አለ እንበል። አራት ካሜራ አስተከለ። ሳጥኑ ሳሎን ቡፌው ላይ ተቀመጠ፤ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሌባ የገባ ቀን መጀመሪያ የሚያነሳው ምን ይመስላችኋል? ቴሌቪዥኑን ነዋ። ሳጥኑም በኤችዲኤምአይ ገመድ ታስሮበታልና ተከትሎ ይወጣል። ሌባው የራሱን ፊልም ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ የት ይሁን? ብዙዎች ኮርኒስ ውስጥ ይደብቁታል። ከሰው ዓይን ይሰወራል፤ ነገር ግን ቀን ቀን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚጠራቀመው ሙቀት ዲስኩን ያደክመዋል። አብዛኞቹ ሳጥኖች የተሠሩት እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲችሉ ነው። ጋምቤላ ከተማ በየካቲትና በመጋቢት ውጭው ራሱ ወደ 40 ሲጠጋ ቆርቆሮው ሥር ስንት እንደሚሆን ገምቱ። መቲ ከፍ ያለችና ደን የከበባት ስለሆነች ሙቀቱ ይቀላል፤ የእሷ ጣጣ እርጥበቱ ነው፤ የማይደርቅ ግድግዳ፣ ዝገት የያዘው የካሜራ ኮኔክተር። በዚያ ላይ ኮርኒስ የአይጥ ሠፈር ነው፤ አይጥ ደግሞ ገመድ አይታ አታልፍም።

የእኔ ምርጫ ጓዳ ነው። ጎንና ጎኑ በደንብ የተበሳሳ፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን አሠርቶ ከወለል ከፍ አድርጎ ከግድግዳ ጋር በቡሎን ማሰር። ያልተበሳ ከሆነ ምድጃ ነው፤ ዲቪአሩን ይጠብሰዋል። ከቡና ጆንያ መራቅም አለበት፤ የገለባው ብናኝ ማራገቢያውን ይደፍነዋል። ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደውን ገመድ ጭራሹን ተዉት፤ ሌባ ገመድ ይከተላል፣ ምስሉን ደግሞ በስልክ ማየት ይቻላል። ራውተሩ ሳሎን ቢቀር ግድ የለም፣ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። አንድ የምወደው ተንኮልም አለ፦ የተበላሸ አሮጌ ዲቪአር ቡፌው ላይ ትቶ መብራቱን ማብራት። ይውሰደው።

ቀጥሎ የመብራት ነገር ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀረጻው የሚቆም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይቆምም፤ ሳጥኑ ዲስኩ ላይ መጻፉን ይቀጥላል፣ ከሩቅ ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። የሚያቆመው የመብራት መጥፋት ነው። ሳጥኑ፣ አራቱ ካሜራዎችና ራውተሩ አንድ ላይ ከ40 እስከ 50 ዋት ቢጠይቁ ነው። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ባለ 100 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ ግን ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ እንኳ አንድ ሌሊት ያሻግራል። መብራት የጠፋ ሌሊት ደግሞ ሌባ የሚወደው ሌሊት ነው።

ዲስኩም ማለቂያ አለው። እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ አራቱ በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ይሞላሉ፤ 1 ቴራባይት ዲስክ በ11 ቀን ይሞላና አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። ከወር በኋላ «ያኔ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅዳ ብሎ ማዘዝ ዕድሜውን ያረዝማል፤ መቲን በመሰለ የደን አገር ግን ሸረሪቷ ካሜራው ፊት ድሯን ታደራለች፣ የእሳት ራቱም ይዞራል፣ ሳጥኑም ሁሉንም ሌባ ብሎ ሲቀዳ፣ ስልኩም ሲጮኽ ያድራል። መድኃኒቱ በየሳምንቱ በመጥረጊያ ጫፍ ድሩን ማንሳት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቴክኖሎጂ አላየሁም።

ነጋዴው አዲስ አበባ ሆኖ መቲን የሚያየው እንዴት ነው? ድሮ ራውተሩ ላይ በር ከፍቶ በቀጥታ መግባት የተለመደ ነበር። በሞባይል ሲም የሚሠራ ራውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ደንበኞች ጋር አንድ አድራሻ ስለሚጋራ ይህ አይሆንም። ስለዚህ ሳጥኑ ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር ይደውላል፤ ስልኩም በአፑ በኩል ወደዚያው ይደውላል፤ ሁለቱ እዚያ ይገናኛሉ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን የምታደርጉት ለዚህ ነው። አንድ ካሜራ በዝቅተኛው ጥራት፣ በሰከንድ 512 ኪሎቢት ሲታይ፣ በሰዓት 230 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በ4 ሜጋቢት ጥራት ከሆነ 1.8 ጊጋባይት። ጥቅሉ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ነው የሚቆረጠው፤ መቲ ካለው ሲምና ከተመልካቹ ስልክ። ገባ ብሎ ማየትና መውጣት ነው እንጂ እንደ ተከታታይ ድራማ ከፍቶ መተው አይቻልም።

አሁን ወደምወደው ነጥብ ልምጣ፤ ሰዓት። ዘበኛው «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሻ ጮኸ» ይላል። ባለቤቱ ማክሰኞን መርጦ 08፡00 ሲል ፀሐይ የወጣበት ግቢና ጥርሱን የሚፍቅ ጎረቤት ያያል። ሳጥኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሌሊት 8 የእሱ 02፡00 ነው። ከዚያም ይብሳል፦ እሱ ቀን የሚለውጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ስለሆነ ዘበኛው ማክሰኞ ያለው ሌሊት ሳጥኑ ውስጥ ረቡዕ ተብሎ ተመዝግቧል። የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ +3 መሆኑን፣ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል መታዘዙን አረጋግጡ። ውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ስትደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፖሊስ ጣቢያ ይዛችሁት የምትሄዱት ቪዲዮ ላይ የ2000 (በፈረንጆች) ቀን ተጽፎ ማን ያምናችኋል?

የመጨረሻው ቁልፉ፣ ማለትም ፓስወርዱ ነው። ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርድ ያልተቀየረባቸውን ካሜራዎችና ዲቪአሮች እያደነ የያዘው ሚራይ የተባለው ቫይረስ በኦክቶበር 2016 (በፈረንጆች) ዳይን የተባለውን ኩባንያ አጥቅቶ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። የአገራችንም ታሪክ አለ፤ ሮይተርስ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ አዲስ አበባ ካለው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የጥበቃ ካሜራዎች ምስል በድብቅ ወደ ውጭ ሲወጣ የተገኘው ምድር ቤት በነበሩ ሰርቨሮች በኩል ነው። ጥቆማው የመጣው ከጃፓን ነበር፤ የተጠረጠሩት ቻይናውያን ሰርጎ ገቦች ሲሆኑ ቻይና አስተባብላለች።

በየቤታችን ያለው ስጋት ግን ከዚህ ይቀርባል። ቴክኒሽያኑ ሳጥኑን በራሱ ስልክና አካውንት ያስመዘግብና ለባለቤቱ «ሼር» ያደርግለታል። ባለቤቱ እንግዳ፣ ቴክኒሽያኑ ጌታ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ በእናንተ ስም ይመዝገብ፤ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ እናንተው ጻፉት። ካሜራውም ወደ ጎረቤት መስኮትና ወደ ሠራተኛዋ መኝታ አይዙር፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል።

ካሜራ ያላችሁ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ስልካችሁን ከፍታችሁ ያለፈውን ሌሊት 8 ሰዓት ፈልጉ። 02፡00 ላይ ጨለማውን ግቢ ካገኛችሁት ሳጥኑ እየሠራ ነው። ካጣችሁት ነገ ጠዋት ቴክኒሽያኑን ጥሩ።