አፕዋርድ ባውንድ እና መስመር 15

አፕዋርድ ባውንድ ለተማሪ በእጁ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም፤ ስኮላርሺፕም አይደለም። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጆችን፣ ሃይስኩሎችንና የማኅበረሰብ ድርጅቶችን አወዳድሮ ለአምስት ዓመት የሚሰጠው ግራንት ነው። ያሸነፈው ድርጅት በገንዘቡ የቤተሰባቸው አቅም ዝቅ ያለ የሃይስኩል ተማሪዎችን ሰብስቦ ለኮሌጅ ያዘጋጃል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1964 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን የወጣው የኢኮኖሚ ዕድል ሕግ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1968 ሁለት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ጎኑ ቆመው ስለነበር ሦስቱ በአንድነት ትሪዮ ተባሉ። ዛሬ ቁጥራቸው ከሦስት አልፏል፤ ስሙ ግን እንዳለ ነው። ተዋናይት ቫዮላ ዴቪስ የአፕዋርድ ባውንድ ልጅ ናት።

ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ ያጠናሉ። ሒሳብ እስከ ፕሪካልኩለስ፣ ላቦራቶሪ ያለው ሳይንስ፣ የውጭ ቋንቋ፣ ድርሰትና ሥነ ጽሑፍ የግድ ናቸው። የኮሌጅ ማመልከቻውን፣ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ መጠየቂያውን ፋፍሳን፣ የፈተና ዝግጅቱን አብሯቸው የሚሠራ ሰው አለ። በሰመር ደግሞ ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ልጆቹን ለስድስት ሳምንት ያህል ኮሌጅ ግቢ ያስገቧቸዋል። ትንሽ የኪስ ገንዘብም ይፈቀዳል፤ በትምህርት ወራት በወር እስከ 40 ዶላር፣ በሰመር እስከ 60 ዶላር።

በአንድ ኮሌጅ ውስጥ በዚህ ፕሮግራም ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ከሁሉም የምወድለት ነገር ልጁን የማይለቅ መሆኑ ነው። ተማሪው ሃይስኩል ጨርሶ ሲሄድ ፋይሉ አይዘጋም። ፕሮጀክቱ ኮሌጅ ገባ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ከዚያም በስድስት ዓመት ውስጥ ዲግሪውን ያዘ ወይ ተብሎ እንደገና ይጠየቃል። ስለዚህ የቢሮው ሰው ከዓመታት በፊት ያስመረቀውን ልጅ እየደወለ «እንዴት ነህ፣ ይህን ሴሚስተር ተመዘገብክ?» ይላል። አንድን ልጅ ይህን ያህል ጊዜ በስሙ እየጠራ የሚከታተል ሌላ የመንግሥት ፕሮግራም አላውቅም።

በአሜሪካ በሚኖረው በእኛ ሰው መካከል ስለዚህ ግራንት የምሰማው ስሕተት አንድ ሆኖ በሁለት አፍ ይነገራል። ወላጁ «ሁለታችንም እንሠራለን፣ እኛ አንገባም» ይላል። የኮሚኒቲ ቦርድ አባሉ ደግሞ «የእኛ ሰው ሠራተኛ ነው፣ ደሃ ብለን የምንጽፈው ማንን ነው?» ይላል። ሁለቱም ደንቡን ሳያነቡ ራሳቸውን አስወጥተዋል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከተሳታፊዎቹ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ሁለት ነገር በአንድ ላይ ማሟላት አለባቸው፤ የቤተሰባቸው ገቢ ዝቅተኛ መሆን አለበት፣ እነሱም በቤታቸው የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች የሚሆኑ መሆን አለባቸው። የቀረው አንድ ሦስተኛ ከሁለቱ አንዱን ቢያሟላ ወይም በትምህርቱ የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ቢሆን ይበቃዋል። ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ሳይሆን፣ ወደዚህ አገር ለጊዜው ብቻ ያልመጣና ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ማሰቡን በኢሚግሬሽን ወረቀት የሚያሳይ ልጅም ሊገባ ይችላል።

አሁን «ዝቅተኛ ገቢ» የሚለውን እንመልከት፤ ሁሉም የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ደንቡ የሚለካው በዓመት የተሠራውን ጠቅላላ ገንዘብ አይደለም። የሚለካው ታክስ የሚታሰብበትን ገቢ፣ ማለትም ተቀናሹ ሁሉ ከወጣ በኋላ በ1040 ፎርም መስመር 15 ላይ የሚቀመጠውን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ለቤተሰቡ መጠን ከተቀመጠው የድህነት መስመር አንድ ከግማሽ እጥፍ ካልበለጠ ቤተሰቡ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነው።

በቁጥር ላስረዳ። በ2025 አላስካንና ሃዋይን ሳይጨምር ለአራት ሰው ቤተሰብ የድህነት መስመሩ 32,150 ዶላር ነበር፤ አንድ ከግማሽ እጥፉ 48,225 ዶላር ይሆናል። የሚታየው ያለፈው ዓመት ታክስ ነው። በ2024 ደግሞ አብረው ታክስ የሞሉ ባልና ሚስት መደበኛ ተቀናሻቸው 29,200 ዶላር ነበር። ሁለቱን ስትደምሩ 77,425 ዶላር ይመጣል። እንግዲህ አባት ፓርኪንግ፣ እናት ነርሲንግ ሆም ሠርተው፣ ሁለት ልጅ ይዘው በዓመት 77,000 ዶላር ያስገቡ ቤተሰብ፣ ሌላ ገቢ ከሌላቸው፣ ልጃቸው በገቢ በኩል ያልፋል። እነዚህ ናቸው «እኛ አንገባም» የሚሉት።

ኡበርና ታክሲ የሚነዳውማ ከዚህም የራቀ ስሕተት ይሠራል። ከኩባንያው የሚመጣለት ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ነው፤ እሱን አይቶ ይደነግጣል። በ2024 ግን ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል 67 ሳንቲም ያስቀንስ ነበር። ሠላሳ ሺህ ማይል የነዳ ሰው ከመደበኛው ተቀናሽ በፊት 20,100 ዶላር ከገቢው ቀንሷል ማለት ነው። ለአገር ቤት በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ግን አይቀነስም፤ ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል፣ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው።

አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ፎርም ስናስሞላ አንድ አባት ወረቀቱን አንብበው መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይሄ ለተቸገረ ሰው ነው፣ የሌላውን ዕድል አንውሰድ» አሉኝ። «ጋሼ፣ የታክሱን ወረቀት እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ስልካቸው ላይ ነበር። መስመር 15 ላይ የነበረው ቁጥር ከጣሪያው በብዙ ያነሰ ነበር። ልጃቸው በዚያው ሰመር ገባች። ሌላውን ማሰባቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልጅን ከዕድል የሚያስቀር ውሳኔ በግምት አይወሰንም።

ሁለተኛው መስፈርት የወላጅ ትምህርት ነው። ልጁ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ የሚባለው እናቱም አባቱም የባችለር ዲግሪ ከሌላቸው ነው። በእኛ ሰው ዘንድ እዚህ ላይ ኩራት ይገባል። «ተምሬአለሁ፣ አስተማሪ ነበርኩ» ይላሉ፤ ሲጠየቁ ከመምህራን ማሠልጠኛ የተገኘ ሰርተፊኬት ወይም ዲፕሎማ ነው። ዲፕሎማ ዲግሪ አይደለም፤ ልጁ መስፈርቱን ያሟላል። በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ተመርቆ ዛሬ መጋዘን የሚሠራ አባት አለ። ዲግሪው እዚህ አገር እንጀራ አላበላውም ብሎ እንደሌለ መጻፍ የለበትም፤ እውነቱን ይጻፍ፣ ልጁ በገቢ ብቻ በአንድ ሦስተኛው በኩል ሊገባ ይችላል። ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ያደገና በእሱ የተረዳ ልጅ የሚታይለት የዚያ ወላጅ ትምህርት ነው። ያለ እናት አባት በአክስት ወይም በአጎት ቤት ያደገ ልጅም በደንቡ ተጽፎ ቦታ አለው። ይህን ለማወቅ የሚጠይቅ ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው።

ለማመልከቻ ጸሐፊው ይህ ሁሉ መሠረት ነው። ማመልከቻው የሚታረመው ከ100 ነው፤ የፕሮጀክቱ አስፈላጊነት 24፣ የሥራ ዕቅድ 30፣ የአመልካቹና የአካባቢው ድጋፍ 16፣ ግቦች 9፣ የሠራተኞች ብቃት 8፣ የግምገማ ዕቅድ 8፣ በጀት 5። የአስፈላጊነቱን 24 ነጥብ ኮሚኒቲዎቻችን የሚያጡት በልመና ስለሚጽፉት ነው። ስደቱን፣ በረሃውን፣ የወላጆችን ድካም ገጽ ሙሉ ይተርካሉ። አንባቢዎቹ ከመንግሥት ውጭ የመጡ የትምህርት ባለሙያዎች ናቸው፤ ልባቸው ቢነካም ነጥብ የሚሰጡት ለተጠየቀው ብቻ ነው። የተጠየቀው ደግሞ የታወቀ ነው። በአካባቢው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ስንት ናቸው? ከአዋቂዎቹ ዲግሪ የሌላቸውስ? በተመረጡት ሃይስኩሎች ስንቱ ያቋርጣል፣ ስንቱ ኮሌጅ ይገባል፣ አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? እያንዳንዱ ቁጥር ከስቴቱ ወይም ከአገሪቱ ቁጥር ጎን ተቀምጦ ካልታየ አንባቢው ከፍተኛ ይሁን ዝቅተኛ አያውቅም።

እዚህ ላይ ወገኖቼን በግልጽ ልገሥጽ። «ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች» ብላችሁ አትጻፉ። ፕሮጀክቱ የሚያገለግለው የተመረጠውን አካባቢና ሃይስኩል ነው፤ መስፈርቱን ያሟላ የሳልቫዶር፣ የሶማሌም ሆነ የጥቁር አሜሪካዊ ልጅ እኩል ይገባል፣ መግባትም አለበት። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲያትል ባለ ሃይስኩል ከልጆቻችን ጋር የሚማሩት እነዚሁ ናቸው። ሌላም፣ በዚህ ገንዘብ ሕንፃ አይሠራም፣ አይታደስም። የአዳራሽ ሕልማችሁን ለሌላ ገንዘብ አቆዩት።

ከዚህ በፊት ግራንቱን ይዞ ጥሩ የሠራ አመልካች እስከ 15 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ አዲስ አመልካች ከኋላ ተነሥቶ ነው የሚሮጠው። በእኔ እምነት አነስተኛ ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ከሚወዳደር በአቅራቢያው ላለ ኮሌጅ አጋር ቢሆን ይሻላል። የ16 ነጥቡ ክፍል ለዚህ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን «ፕሮጀክቱን ከልብ እንደግፋለን» የሚል ደብዳቤ ምንም አይረዳም። አዳራሹን ቅዳሜ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትሰጡ፣ ለወላጆች ስብሰባ ስንት የአማርኛና የትግርኛ አስተርጓሚ እንደምታቀርቡ ጻፉ።

የአጻጻፍ መመሪያውን ደግሞ እንደ ሕግ ያዙት። በ2017 ሜይን ውስጥ ያለው የፕሬስክ አይል ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሳይነበብ ተጣለ። ምክንያቱ ሁለት ሥዕላዊ መግለጫዎች ውስጥ ያሉት መስመሮች ርቀታቸው ሁለት መሆን ሲገባው አንድ ተኩል መሆኑ ነበር። በተመሳሳይ ምክንያት የሌሎች ብዙ ኮሌጆችም ተጣለ። የኮንግረስ አባላት ጮኹ፣ ነገሩ የያኔዋ የትምህርት ሚኒስትር ቤትሲ ዴቮስ ድረስ ደረሰ፣ በመጨረሻም ማመልከቻዎቹ እንዲነበቡ ተደረገ። ሴናተር የሚጮህለት አመልካች ግን ብዙ አይደለም፤ መስመራችሁን ለኩ።

ያለፈው ትልቅ ውድድር የተካሄደው በ2022 ነው፤ ያኔ የተሰጡት ግራንቶች የአምስት ዓመት ናቸው። ለ2026 የቀረበው የፕሬዚዳንቱ የበጀት ሐሳብ ለትሪዮ አንድም ዶላር አልያዘም ነበር፤ ገንዘቡን የሚመድበው ግን ኮንግረስ ነው። ስለዚህ ወሬ ከመስማት ፌደራል ሬጂስተር በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ የሚወጣውን ማስታወቂያ ተከታተሉ፣ ለእንደራሴያችሁም ደውሉ። እስከዚያው ማኅበራችሁን ሳም በሚባለው የፌደራል መዝገብ አስገቡ፣ መለያ ቁጥርም ያዙ፤ ያለዚያ ቁጥር ማመልከቻ አይገባም፣ ምዝገባውም በየዓመቱ መታደስ አለበት። የማኅበሩ ስም በስቴቱ ምዝገባ፣ በታክስ መሥሪያ ቤቱና በዚህ መዝገብ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፈ ይሁን፤ የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት መንገድ ስለሚጻፉ ምዝገባው ለሳምንታት ይጓተታል። ምዝገባውም እድሳቱም በነጻ ነው፤ ለዚህ ገንዘብ ክፈሉ ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት።