«እቁቤ ደረሰኝ፣ ለፎቶ ስራ ምን ኮምፒዩተር ልግዛ?»

ጥያቄዋ አጭር ነው፡፡ «እቁቤ ደረሰኝ፡፡ የድሮ ፎቶ እያደስኩ መስራት እፈልጋለሁ፡፡ ምን አይነት ኮምፒዩተር ልግዛ?» ጠያቂዋ 24 ዓመቷ ነው፤ ሰፈሯን እንተወው፡፡ አንድ ሱቅ ገብታ ስታማክር ሻጩ «የኔ እህት፣ ለፎቶማ ይሄ ነው!» ብሎ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚንቦገቦግበት ሳጥን አሳይቷታል፡፡ ዋጋው እቁቡን ጠራርጎ ይወስዳል፡፡ ስካነሩስ? «እሱ ቀላል ነው፣ በኋላ ትገዣለሽ፡፡»

እሪ ያልኩት እዚህ ላይ ነው፡፡

ስራው ራሱ ደህና ስራ ነው፡፡ ሰው ሲሞት ቤተሰብ መጀመሪያ ከሚሯሯጥባቸው ነገሮች አንዱ ፎቶ ማስተለቅ ነው፡፡ አንዳንዴ በቤቱ ያለችው ከድሮ መታወቂያ ላይ የተላጠች፣ ጥጓ ላይ ማህተም ያረፈባት አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት፡፡ የልጅቷም የመጀመሪያ ስራ የራሷ ነው፡፡ አክስቷ በጫማ ካርቶን ያስቀመጡት ፎቶ አለ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አባቷ ያሉበት አንድ ብቻ፣ እሱም ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል፡፡ አባቷን የምታውቃቸው በዚያች ፎቶ ነው፡፡ እንግዲህ ብሩም አንዴ የሚገኝ፣ ፎቶውም አንድ፡፡

«ስልክ እያለ ስካነር ለምኔ?» የሚል አይጠፋም፡፡ ለቴሌግራም ከሆነ ስልክ ይበቃል፡፡ ለማስተለቅ ግን ስልክ ጠላት ነው፤ የመስኮቱን ብርሃን ፎቶው ላይ ያንጸባርቃል፣ ትንሽ ካዘነበለ ፊት ያጣምማል፣ በዚያ ላይ ሳትጠይቁት በራሱ ፊት ያለሰልሳል፡፡

ስለዚህ የብሩን ቅደም ተከተል ገልብጡት፡፡ መጀመሪያ ስካነር፣ ቀጥሎ ስክሪን፣ ሳጥኑ መጨረሻ፡፡ ስካነሩ ያላየውን የትኛውም ኮምፒዩተር መልሶ አያመጣውም፡፡

ስካነር ሁለት አይነት ነው፡፡ አንደኛው ቀጭን፣ ቀላል፣ በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሰራ፣ «ሲአይኤስ» የሚባለው ነው፡፡ ርካሽ ነው፣ ለሰነድ ደህና ነው፡፡ ችግሩ የሚያየው መስታወቱ ላይ ልጥፍ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው፡፡ ፎቶው ከጎበጠ ወይም ከተንሳፈፈ ያ ቦታ ይደበዝዛል፡፡ ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ የራሱ ኤሌክትሪክ ገመድ ያለው «ሲሲዲ» ነው፡፡ ይሄኛው ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ያለውንም አጥርቶ ያያል፡፡ የልጅቷን አባት ፎቶ ከነፍሬም መስታወቱ አስተኝቶ ማንሳት የሚቻለው በዚህኛው ነው፡፡ የተጣበቀ ፎቶ አይላጥም! በውሃም፣ በምላጭም፣ በእንፋሎትም አትሞክሩት፤ የፊቱ ቀለም መስታወቱ ላይ ይቀርና ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ትቀራላችሁ፡፡

ኔጌቲቭ ፊልም የሚመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ላይ መብራት ያለው ስካነር ያስፈልጋል፤ እንደ ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ያሉት እንዲህ ናቸው፡፡ አቧራና ጭረት በራሱ የሚያጠፋ መሳሪያም አላቸው፤ እሱ ግን በኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚሰራ ለከለር ፊልም እንጂ ለጥቁርና ነጩ አይሆንም፤ የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ብር ስለሆነ ብርሃኑን ይጋርደዋል፡፡  ያገለገለ ስካነር ስትገዙ ሳትሰኩት ብር አትቁጠሩ፤ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ለአዲሱ ዊንዶውስ የሚሆን ሶፍትዌር ያልተሰራለት ብዙ አለ፡፡ ቪውስካን የተባለው ፕሮግራም (በክፍያ ነው) ብዙዎቹን አሮጌ ስካነሮች ያስነሳል፡፡

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 4800፣ 6400 ዲፒአይ አያስጎምጃችሁ፡፡ ለተለመደው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ 600 ይበቃል፡፡ ትንሽ ሒሳብ እንስራ፡፡ ያ ፎቶ በ600 ሲነሳ 2,362 በ3,543 ነጥብ ይሆናል፤ ሳይታመቅ በቲፍ ፋይል ሲቀመጥ 25 ሜጋ ባይት ያህል ነው፡፡ አንድ ሺህ ፎቶ 25 ጊጋ ባይት መሆኑ ነው፡፡ ጉርድ ፎቶን ግን ለግድግዳ ስለምታተልቁት በ1200 አንሱት፡፡ ከዚያ በላይ ሲሆን ፊት ሳይሆን የወረቀቱን ቆዳ ነው የምታተልቁት፡፡ 35 ሚሊ ሜትር ኔጌቲቭ በ2400 ይነሳ፡፡

አሁን ወደ ሳጥኑ፡፡ ከሒሳቡ እንዳያችሁት ፎቶ ማደስ እንደ ጌም ጉልበት የሚጨርስ ስራ አይደለም፡፡ ትልቁ የግራፊክስ ካርድ፣ መስታወቱና ዲስኮ መብራቱ ይቅሩባችሁ፡፡ ስዕል ማሳያው አብሮት የተሰራ ፕሮሰሰር በቂ ነው፤ ለምሳሌ የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600ጂ ወይም የኢንቴሉ ኮር አይ3-12100፡፡ እዚህ ጋ ግን አንዲት ፊደል ጉድ ትሰራለች፡፡ የኢንቴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ካለች ስዕል ማሳያ የለውም፤ የራይዘን 5600ው ደግሞ ያለ «ጂ» ከሆነ እንዲሁ ነው፡፡ ረከስ ይላልና ሻጩ «ያው ነው» ይላችኋል፡፡ ያው አይደለም! ገጣጥማችሁ ስታበሩት ስክሪኑ ጭልም እንዳለ ይቀራል፣ ካርድ ፍለጋም ትዞራላችሁ፡፡

ራም 16 ጊጋ፣ ሁለት ባለ 8 አድርጋችሁ፡፡ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ስለወጣ አንዳንዱ ሱቅ አንድ ባለ 8 ብቻ ሊያሸክማችሁ ይሞክር ይሆናል፡፡ ለጊዜው ከቸገረ ተቀበሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ግን ክፍት ቦታ መኖሩን አይታችሁ፡፡ ዊንዶውስና የምትሰሩበትን ፎቶ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ፣ ያለቀለትን ፎቶ ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ፡፡ ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስቱ፡፡ ከሳጥን ጋር «ነጻ» ተብሎ የሚሰጠው በእጅ ሲመዘን እንደ ላባ የሚቀለው፣ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፡፡

ዋጋ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ ጋዜጣው ታትሞ እስኪደርሳችሁ ይለወጣል፡፡

ብሩ ካልበቃ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ለጀማሪ ይሄን እመርጣለሁ፡፡ ሁለት ነገር ግን እዩ፡፡ አንደኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፡፡ ትውልዱን ለማወቅ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ አይ5-8500 ስምንተኛ ነው፣ አይ5-4570 ግን አራተኛ ነው፣ የቱንም ያህል ተወልውሎ ቢያብረቀርቅ፡፡ (አራተኛውን የገዛችሁ አትደንግጡ፣ ሊኑክስ ጫኑበት፤ ስካነራችሁ በሊኑክስ መስራቱን ብቻ ቀድማችሁ አጣሩ፡፡) ሁለተኛ፣ ትንንሾቹ የዴልና የኤችፒ ሳጥኖች ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው ለራሳቸው ብቻ የተሰራ ስለሆነ ሲቃጠል ከየትም አምጥታችሁ አትገጥሙም፡፡

አዲስ ገጣጥማለሁ ካላችሁ አንድ ካቻቢቴና ሰፊ ጠረጴዛ ይበቃል፡፡ ምንጣፍ ላይ አትስሩ፤ ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት ነካ አድርጉ፣ ከሰውነታችሁ ያለው ኤሌክትሪክ ይውጣ፡፡ ፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል፤ ጥጉ ላይ ያለችውን ምልክት አስተያዩና ጣሉት እንጂ አትጫኑት፡፡ የሙቀት ቅባቱ የምስር ፍሬ ታህል፡፡ ማዘርቦርዱ ሳጥኑን በቀጥታ እንዳይነካ ከስሩ የሚገቡትን ትንንሽ የነሐስ እግሮች አትርሱ፡፡ ስታበሩት ነፋሱ ዞሮ ስክሪኑ ካልመጣ ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ፤ ራሙን አውጥታችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሱት፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የምትገባው የብቻዋ የኤሌክትሪክ ገመድ መሰካቷንም እዩ፡፡ ከአስር ጀማሪ ስምንቱን የሚያስለቅሰው ይሄው ነው፣ በእኔ ግምት፡፡

መብራት መቼም ይሄዳል፤ ሲመለስም እንደ በሬ ተወርውሮ ነው፡፡ ዩፒኤስ ግዙ፡፡ ስካነሩን ሳይሆን ኮምፒዩተሩንና ስክሪኑን እሱ ላይ ሰኩ፤ የምትፈልጉት ስራችሁን አስቀምጣችሁ በሰላም የምታጠፉበት ጥቂት ደቂቃ ነው፡፡

ስክሪኑ አይፒኤስ ይሁን፡፡ ከጎን ስታዩት ፊት የማይጠቁርና የማይገረጣው እሱ ነው፡፡ ብርሃኑንም ቀንሱ፡፡ «ስክሪን ላይ ቆንጆ ነበር፣ ሲታተም ጠቆረ» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ስክሪኑ ከልክ በላይ ስለበራ ነው፡፡ ደንበኛ ከመቀበላችሁ በፊት የቤተሰብ ፎቶ አሳትማችሁ አጠገቡ ያዙትና እስኪመሳሰሉ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት፡፡

ለማስተካከያ ጂምፕ ነጻ ነው፣ ይበቃልም፡፡ የድሮ ከለር ፎቶዎች ብዙዎቹ የቀሉት ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለማቸው ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ነው፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ በ«ሌቭልስ» ስታስተካክሉ ሰውየው ከተቀበረበት ቀይ አፈር ብድግ ያለ ይመስላል፡፡ እጃችሁ እንዳይፈጥን ግን፡፡ አንድ ወዳጄ የእናቱን ፎቶ «በአንድ ክሊክ የሚያድስ» ቤት ሰጥቶ ሲረከብ እናቱ አንገታቸው ላይ ንቅሳት የለም፡፡ ማሽኑ ጭረት መስሎት ጠርጎታል፡፡ አይናቸውም ውብ ሆኗል፣ የሳቸው ግን አይደለም፡፡ «እማዬን አጥፍቶ የፊልም አክትረስ ሰጠኝ» ነው ያለኝ፡፡ አርቲፊሻል ኢንተለጀንሱ የጠፋን ፊት ከሌላ ሺህ ፊት ገምቶ ይሞላል እንጂ አባታችሁን አያውቃቸውም፡፡ ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ማርያም የሳመቻት ቦታ… ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ፡፡ ከስካነር እንደወጣ ያለውን ፋይልም ለብቻው አስቀምጡ፣ በኮፒው ላይ ስሩ፤ በጄፔግ እየከፈታችሁ ደጋግማችሁ ባስቀመጣችሁ ቁጥር ምስሉ ይላሽቃል፡፡

ሶስት ቅጂ ይኑራችሁ፡፡ አንዱ ኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ አንዱ ከስራ በኋላ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ፣ ዘመድ ጋ ወይም ኢንተርኔት ላይ፡፡ ሌባም፣ ቫይረስም፣ መብራትም ሶስቱንም ባንዴ አያገኛቸውም፡፡

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ደወለች፡፡ ያገለገለ አይ5-8500 ከነ16 ጊጋ ራሙ አግኝታለች፤ ሲሲዲ ስካነሩን አስቀድማ ነው የገዛችው፡፡ አሁን የከበዳት የሰዎቹ ማንነት ነው፡፡ አክስቷ አንዱን ያስታውሳሉ፣ አንዱን ይረሳሉ፡፡ እንዲህ ይደረግ፤ ስትስካኑ ሽማግሌውን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ የሰውየውን ስም፣ ቦታና ዓመት የፋይሉ ስም አድርጉት፡፡ ፎቶው ጀርባ ላይ የምትጽፉ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ፣ ከጠርዝ አስጠግታችሁ፡፡ እስክሪብቶ ወደፊት በኩል ይወጣል፡፡