ብርሃንን እንደ ብር መዘርዘር

በመተከል ዞን ባለችው በድባጤ የፀሐይ እጥረት የለም፤ ችግሩ ያለው ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ በመለወጡ ላይ ነው። በዚያው በመተከል፣ ጉባ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ የትልቅ ግድብ መስመር ተራርቀው ከተሠሩ ጎጆዎች ሁሉ በአንድ ቀን አይደርስም። መስመሩ እስኪደርስ ድረስ ለሩቅ መንደር ተማሪ የማታ መብራት፣ ለጤና ኬላም የክትባት ማቀዝቀዣ ኀይል የሚገኘው በጣራ ላይ ከሚሰቀለው የፀሐይ ሰሌዳ ነው። እንግዲህ ይህ ሰሌዳ ካረፈበት ብርሃን ምን ያህሉን ይጠቀምበታል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በገበያ ያለው የሲሊኮን ሰሌዳ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚለውን ነው። ዊልያም ሾክሊና ሃንስ ኳይሰር የተባሉ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. እንዳሰሉት፣ እንዲህ ያለው ሰሌዳ ምንም ቢሻሻል ከ30 በመቶ ብዙም ሊያልፍ አይችልም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ብርሃን የሚመጣው ፎቶን በሚባሉ የኀይል ቅንጣቶች ነው። ሲሊኮን አንድ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃዋል። ሰማያዊው ፎቶን ግን ከ2.5 በላይ ይዞ ይመጣል፤ ቢሆንም የሚያስለቅቀው ያንኑ አንዱን ኤሌክትሮን ነው። ነገሩ የሽልንግ ዕቃ በአንድ ብር ገዝቶ፣ መልሱን ሳይቀበል እንደሚሄድ ሰው ነው። የቀረው ኀይል ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱም በተራው ሰሌዳውን ያደክመዋል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሰጠው ኀይል 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በሞቃት አገር ጉዳቱ ድርብ ነው።

ሊቃውንት ያሰቡት መፍትሔ ብሩን አስቀድሞ መዘርዘር ነው። ለዚህም ሬር ኧርዝ ከሚባሉት ብርቅ ማዕድናት ጥቂቱን በክሪስታል ውስጥ ይጨምራሉ። ከእነዚህ መካከል ተርቢየምና ኢተርቢየም ስማቸውን ያገኙት ኢተርቢ ከምትባል የስዊድን መንደር ነው። ተርቢየም ሰማያዊውን ፎቶን ተቀብሎ ኀይሉን ለሁለት ኢተርቢየሞች ያካፍላል፤ እነርሱም እያንዳንዳቸው ከቀይ ወዲያ ያለ፣ በዓይን የማይታይ፣ ለሲሊኮን ግን ልክ የሆነ ፎቶን ይሰጣሉ። በኔዘርላንድ የዩትሬክት ተመራማሪዎች ይህን በ2005 በፎስፌት ክሪስታል አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም በ2002 በወጣ ስሌት፣ እንዲህ ያለ ዘርዛሪ እንከን የሌለው ቢሆን ወሰኑን ወደ 39 በመቶ ገደማ ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል ታውቋል።

ነገር ግን ዘርዛሪው ራሱ ቀረጥ ይወስዳል። እነዚህ ማዕድናት ብርሃን የሚቀበሉት በጥቂቱና ከጠባብ የቀለም ክልል ነው፤ ከሚሰጡትም ከፊሉ ወደ ሰማይ ተመልሶ ይጠፋል። ስለዚህም ነገሩ እስከ ዛሬ በሰፊው ገበያ አልገባም።

ለመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ የሚገዛ ወጣት ሹም፣ ተራ የሲሊኮን ሰሌዳ ይዞ 40 በመቶ እሰጣለሁ የሚለውን ነጋዴ እንዳያምን ይህ ዕውቀት ይጠቅመዋል። ሰሌዳውንም ከቆርቆሮው ከፍ አድርጎ፣ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ቢያስተክለው ያለ ተጨማሪ ክሪስታል ጥቂት ኀይል ያተርፋል። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪ ደግሞ ይህን ያስብ፦ ብዙዎቹ እነዚህ ክሪስታሎች የሚሠሩት ዱቄት መዝኖ፣ ደባልቆ፣ ከ1000 ዲግሪ በላይ በሚግል ምድጃ በማቃጠል ነው። የቀረው ችግር ብርሃኑን አብዝቶ የሚቀበል ድብልቅ ማግኘት ነውና፣ ፈተናው ለእኛም ተማሪዎች ክፍት ነው።