የፍሬን ቱቦ አመራረጥ

የዚህ ጽሑፍ ርእስ ለመካኒክ ብቻ የሚጠቅም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሞተር ቢስክሌት የሚወርድ ሰው ሕይወቱን በአንዲት ቀጭን ቱቦ ላይ አንጠልጥሎ እንደሚሄድ ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነውና፥ የተማርሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ላካፍል ወደድሁ።

ታላቅ ወንድሜ የሚሠራው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፥ ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ወንድሜ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በየቀኑ ይወርዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ከኋላው እቀመጣለሁ። የሞተሩ የፊት ፍሬን ማንሻ ሲጨብጡት እንደ ሊጥ እየለሰለሰ በመሄዱ፥ ወንድሜ መድኀኒቱ ትልቅ ማስተር ነው ብሎ ገዝቶ መጣ።

ማስተር የሚባለው በመሪው ላይ ከፍሬን ማንሻው ጋር የተያያዘው ትንሽ ፓምፕ ነው። ማንሻውን ስንጨብጥ በውስጡ ያለው ፒስተን የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም በቱቦው ወርዶ የፍሬኑን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ የሚሠራበትን ሕግ በፊዚክስ ክፍል ተምረነዋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል፥ እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 በታተመው ጽሑፉ እንዳስረዳው፥ በዕቃ ውስጥ በታፈነ ፈሳሽ ላይ የተጫነ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የአሮጌው ማስተር ፒስተን ስፋት በዲያሜትር 12.7 ሚሊ ሜትር ነበረ፤ የአዲሱ 14 ነው። የፊታቸው ስፋት ሲሰላ የመጀመሪያው 1.27፥ የሁለተኛው 1.54 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ማንሻው የእጃችንን ጕልበት አብዝቶ ፒስተኑን በ60 ኪሎ ቢገፋው፥ በአሮጌው ማስተር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 47 ኪሎ ያህል ግፊት ይገኛል፤ በአዲሱ ግን 39 ብቻ ነው። ያንኑ 47 ለማግኘት ፒስተኑን በ73 ኪሎ መግፋት ያስፈልጋል። ትልቁ ማስተር በአንድ ጭብጥ ብዙ ዘይት ስለሚገፋ ማንሻው ቶሎ ይጠነክራል፤ ሆኖም የማንሻው መጠንከር የፍሬኑ መጠንከር አይደለም።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ያረጀ የጎማ ቱቦ ግፊት ሲደርስበት ያብጣል፤ የእጃችን ጕልበት ከፊሉ ሸራውን በመግፋት ፈንታ ቱቦውን በመንፋት ያልቃል። የማንሻችን መለስለስ ምክንያቱ ይኸው ነበረ። ትልቅ ማስተር ብቻ ቢገጠም ማንሻው ስለሚጠነክር በሽታው ይሸፈናል እንጂ አይድንም።

በዚያ ቀን ወንድሜ አሮጌውን ቱቦ በአሮጌው ብሎን ከአዲሱ ማስተር ጋር ሊገጥም ጀመረ። ብሎኑ ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ። «ወንድም ጋሼ፥ አልገባም እኮ» አልሁት። «ቁልፉን አቀብለኝ፥ ይገባል» አለኝ። በዚህ ጊዜ የጎረቤታችን ሽማግሌ መካኒክ፥ «ተው አንተ ልጅ! ብሎን በጕልበት አይገባም» ብለው እጁን ያዙት። ሁለቱን ብሎኖች ጎን ለጎን አድርገው ለብርሃን ሲያሳዩን ጥርሳቸው አልገጠመም። በ10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ የአሮጌው ጥርስ 8፥ የአዲሱ 10 ነበረ። ጠበቅ አድርገነው ቢሆን የማስተሩ ጥርስ ይበላ ነበር፤ ዘይቱም በሐረጎ መካከል ይፈስ ነበር። ቱቦውንም ፈትተው ሲያጥፉት ከማሠሪያው ሥር ተደብቆ የነበረ ስንጥቅ ታየ። ወንድሜ ዝም ብሎ ተመለከተው። እኔም ያለፉትን ቅዳሜዎች አሰብሁ።

እንግዲህ ማስተር የሚለውጥ ሰው ቱቦውን ሲመርጥ የሚከተሉትን ያስተውል።

አንደኛ፥ የቱቦው ዐይነት ነው። ጥሩ አዲስ የጎማ ቱቦ ይሠራል፤ ነገር ግን ውስጡ ቴፍሎን ሆኖ በማይዝግ የብረት ሽቦ የተሸረበው ቱቦ በጣም ጥቂት ስለሚያብጥ ይመረጣል። ሽቦው የነካውን ሁሉ እንደ ሞረድ ስለሚበላ በላዩ የፕላስቲክ ልባስ ያለው ይሁን። ጫፎቹም በፋብሪካ የተገጠሙ እንጂ በእጅ ሽቦ የታሠሩ አይሁኑ።

ሁለተኛ፥ ርዝመቱ ነው። የአዲሱ ማስተር የዘይት መውጫ ከአሮጌው ጋር በአንድ ቦታ ላይሆን ስለሚችል፥ የአሮጌውን ቱቦ ርዝመት መቅዳት አይበቃም። የፊት እግሩን ከመሬት አንሥቶ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ሲረዝም፥ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ እያዞሩ መለካት ይገባል። ቱቦው በየትኛውም ጊዜ አይወጠር፤ አሞርዛተሩ ሲታጠፍም ጎማውን አይንካ።

ሦስተኛ፥ ጫፉና ብሎኑ ነው። የቱቦው ጫፍ እንደ ቀለበት ነው፤ አንገቱ ቀጥ ያለ ወይም የታጠፈ ይሆናል። ቱቦው ሳይጠመዘዝ የሚቀመጥበት ይመረጥ። ውስጡ ክፍት የሆነው ብሎን ጥርሱ ከማስተሩ ጋር፥ በታች በኩልም ከካሊፐሩ ጋር መግጠሙ ለየብቻ ይረጋገጥ፤ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉና። በቀለበቱ ላይና ታች የሚገቡት የመዳብ ሮንዴላዎችም ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ።

አራተኛ፥ ዘይቱ ነው። በማስተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ዐይነት ብቻ ይጨመር። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በረዥም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ያረጀውን ዘይት ካፈላው፥ እንፋሎቱ ይታመቅና ማንሻው ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ ቱቦ ሲለወጥ ዘይቱም ይለወጥ፤ አየሩም ፈጽሞ ይውጣ።

የተሸረበው ቱቦ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወንድሜ በታክሲ ተመላለሰ። ከተገጠመ በኋላ ማንሻውን አጥብቀን ይዘን በየመጋጠሚያው ዘይት አለማንጠባጠቡን አየን፤ ከዚያም በሜዳ ላይ በእግር ጕዞ ፍጥነት ሞከርነው። ወንድሜ ትልቁን ማስተር አልተወውም፤ ግን ከድሮው ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ እንዳለበት አውቆ ይነዳል። እናታችንም ጧት ጧት ከመሸኘትዋ በፊት፥ «ቱቦውን አየኸው?» ማለት ጀምራለች።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በቤታችሁ ሞተር ቢስክሌት ካለ ዛሬ ማታ መብራት ይዛችሁ ቱቦውን ከማሠሪያው ሥር ጭምር ተመልከቱ። ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።