ያመመ ጉልበት ሥራ ይፈልጋል

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከሲኤምሲ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሮጡ፣ ከሥራ መልስ ቦሌ ጂም የሚገቡ ሴቶች ዛሬ ብርቅ አይደሉም። ከእነሱ አንዷ «ጉልበቴን አመመኝ» ስትል የምትሰማው ምክር የታወቀ ነው፤ ብርድ መትቶሽ ነው፣ አስፋልቱ ጎድቶሽ ነው፣ ሩጫውን ተይው። ሁሉም በቅንነት ይባላል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን የመጨረሻው ነው፤ ጉልበቱ ለመዳን የሚያስፈልገውን አቅም የሚነጥቀው እሱ ነውና።

ስፖርት በሚሠሩ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ሕመም በጉልበት ሎሚ ዙሪያ ወይም ከሎሚው ሥር የሚሰማው ነው። ደረጃ ሲወርዱ፣ ቡና ጠጥተው ከበርጩማ ሲነሡ፣ ታክሲ ውስጥ ጉልበት አጥፈው ብዙ ሲቀመጡ ይብሳል። ሴቶችን ከወንዶች እጥፍ ገደማ ያጠቃል። የጠዋቱ ቅዝቃዜ ጉልበትን ግትር ቢያደርገውና ሙቀት ቢያስታግሰውም የሕመሙ ምንጭ ብርድ አይደለም። ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከለመደው በላይ ጫና ሲወርድበት ይቆጣል። ያንን ጫና የሚሸከሙት የፊት ጭን ጡንቻና ጭን ወደ ውስጥ እንዳይዞር ከጎን የሚይዙት የዳሌ ጡንቻዎች ናቸው። አማርኛ መገጣጠሚያውንም ኃይልንም «ጉልበት» ማለቱ እዚህ ላይ ልክ ነው፤ አንዱን ሳይገነቡ ሌላውን ማዳን ይከብዳል። ቅባትና ማሰሪያ ለጊዜው ያሳርፉ ይሆናል፣ ጡንቻ ግን አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስምምነትም የዳሌና የጉልበት ጡንቻን አንድ ላይ የሚያጠነክር እንቅስቃሴን ነው ያስቀደመው።

«እያመመኝ እንዴት ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከ10 ነጥብ ሲለካ እስከ 3 የሚደርስ፣ በማግስቱ ጠዋት የሚበርድ ሕመም ጉዳት አይደለም፤ ከዚያ ካለፈ መጠኑ ይቀነሳል እንጂ ሥራው አይቆምም። በጎን ተጋድሞ የላይኛውን እግር ማንሣት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ከመሬት ማንሣት፣ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። ሲቀል ሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ መያዝ ይቻላል። በሳምንት 3 ቀን ነው፤ ጡንቻ ለመጠንከር ከ6 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈልግ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ ያለጊዜው ነው።

«ሩጫ ጉልበት ይበላል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጥናቶች ግምገማ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መበላትን ያገኘው ለጤና ከሚሮጡት በ3.5 በመቶው፣ ቁጭ ብለው ከሚውሉት በ10.2 በመቶው ላይ ነው። በውድድር ሯጮች 13.3 በመቶ መድረሱ መጠን እንደሚወስን ይጠቁማል፤ እንዲህ ያለ ንጽጽር ግን ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም። ከዚህ የሚከብደው፣ በማጠንከሪያው ላይ የሚነሣው ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ፣ 69 ሯጮችን በያዘ የካናዳ ጥናት የመጣ ነው፤ ሩጫቸውን እንዴት እንደሚመጥኑ ብቻ የተማሩት፣ ማጠንከሪያ ከተጨመረላቸው እኩል ተሻላቸው። ይህ ግን ለ«ተይው» ምስክር አይሆንም። ሯጮቹ መሮጣቸውን አላቆሙም፤ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ ቀንሰው ቀስ በቀስ ጨመሩ እንጂ። ለሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዜሮ ለምትነሣ ሴት ከማንኛውም ምክር ሩጫን መመጠን ይቀድማል። ማጠንከሪያው ደግሞ ሩጫው ሲጨምር ጫናውን የሚችል እግር ይሰጣታል።

ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ተጠማዞ «ቋ» ካለ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ወጌሻ ጋ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው፤ እንዲህ ያለው በእንቅስቃሴ አይጀመርም። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ግን ሰሚት ወይም አያት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለምትኖር ሴት ጂም የግድ አይደለም። ዝቅተኛው ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆማ፣ የእጅ መደገፊያውን ይዛ፣ የሌላውን እግር ተረከዝ እስከ ሦስት እየቆጠረች ወደ ታች ታውርድ፤ ጉልበቷም ወደ ውስጥ ሳይዘም በእግሯ ጣቶች አቅጣጫ ይሁን። በየእግሩ 10 ጊዜ።